ወለላና ማዶ ያለው ሾላ

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ። የቸኮለ ካለ ግን በጊዜ ይሂድ፤ ይህ ወግ ለችኩል አይሆንም።

ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ስትቆርጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረች ወለላ የምትባል ሴት ነበረች። ለወልዲያው ወልዲያ፣ ለባቲው ባቲ፣ ለአዲስ አበባው አዲስ አበባ ትቆርጣለች፤ ራሷ ግን ከዚያች መስኮት ርቃ አታውቅም። በእንቅልፏ እንኳ «ስንት ሰው ናችሁ?» እያለች ትቃዣለች ይሏታል።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ሳንቲማቸውን ከመቀነታቸው ለመፍታት ቢዘገዩ ጮኸችባቸው። የአሮጊቷ ዓይን ውሃ ሞላ። ወለላ ያን ማታ እህል አልወርድ አላት። «እኔ እንዲህ ነበርኩ? ሰውነቴ ሳያልቅ ትንሽ ልረፍ» አለችና በማግስቱ ሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቀች።

የት እንደምትሄድ አላመነታችም። አንድ ተሳፋሪ ረስቶት በሄደ የቀን መቁጠሪያ ላይ ተራራ የከበበው ሐይቅ አይታ ነበር፤ ከሐይቁ ማዶ፣ ከተራራው ግርጌ፣ ቅርንጫፉን ወደ ውሃው ያዘነበለ ትልቅ ሾላ አለ። ምኞቷ ይህችው ናት፦ ከዚያ ሾላ ሥር፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ማንም ሳይጠራት መቀመጥ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሐይቁ ዳር ወረደች። ተራሮቹ በአራቱም በኩል ቆመዋል፤ ጫፋቸው ላይ ጉም ተጠምጥሟል፤ ውሃው ከሥራቸው ጸጥ ብሏል። ሾላውም ከማዶ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ጀልባ ቀዛፊው ይማም ጀልባውን ከዳር አስሮ ጥላ ሥር ተጋድሟል።

«ወንድሜ፣ ማዶ አሻግረኝ።»

«ደስ ይለኝ ነበር እቴ። ጀልባውማ ይኸው። መቅዘፊያው ትናንት ተሰበረ። አዲስ እንዲሠራልኝ አናጺው እንድሪስን አዝዤዋለሁ።»

«በእግሬ ብዞርስ?»

«ገደል ነው። ጦጣም የሚያልፈው ጸሎት አድርሶ ነው።»

መቅዘፊያው አልጠረብ፣ ጀልባው አልሄድ አለ፤ ወለላም መሻገር አቃታት። ቦርሳዋን አንግታ ወደ አናጺው ቤት ወጣች።

እንድሪስ ደጁ ላይ አንድ ረጅም የዋንዛ እንጨት አጋድሞ አጠገቡ ተቀምጧል። እጁን አጣምሯል።

«ምነው አትጠርበውም?»

«በጥርሴ ልጥረበው? መጥረቢያዬ ዶልዱሞ ቅቤ አልቆርጥ ቢለኝ ለቀጥቃጩ ለጋሽ ዳምጤ ሰጠሁት። ሦስተኛ ቀኑ።»

መጥረቢያው አልሳል፣ መቅዘፊያው አልጠረብ፣ ጀልባው አልሄድ አለ፤ ወለላም መሻገር አቃታት። «እሺ፣ ቀጥቃጩስ የት ነው?» አለች። እንድሪስ በአገጩ አሳያት።

ጋሽ ዳምጤ ከቀዘቀዘ ምድጃቸው ፊት ተቀምጠው በወናፋቸው አመድ ያናፍሳሉ።

«ጋሼ፣ የእንድሪስን መጥረቢያ ቢስሉለት ምናለ?»

«ምንም የለም ልጄ። ወናፍ አለኝ፣ መዶሻ አለኝ፣ ጉልበትም አላጣሁ። ከሰል ግን የለኝም። ከድጃ ማልጄ አመጣለሁ ብላኝ ነበር፤ ይኸው ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ እሷ የለችም።»

ከሰሉ አልደርስ፣ እሳቱ አልነድ፣ መጥረቢያው አልሳል፣ መቅዘፊያው አልጠረብ፣ ጀልባው አልሄድ አለ፤ ወለላም መሻገር አቃታት።

እዚህ ላይ ወለላ ተስፋ ቆረጠች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወደ ደሴ የሚመለስ መኪና ሰባት ሰዓት ላይ አለ። «ዕድሌ ነው፣ ልመለስ» አለች በልቧ። ግን ሰኞ ያቺን መስኮት ስትከፍት፣ ሌላ አሮጊት ስትመጣ፣ ሌላ ጩኸት ከአፏ ሲወጣ ታያት። ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች።

«ከድጃ የምትመጣው በየት ነው?»

«በወንዙ በኩል ነው። ከሰሉን ከተራራው ታወርደዋለች።»

ወንዙ በሁለት ግንድ ድልድይ የሚታለፍ ነው። ከድጃ ከወዲያኛው ዳር ቆማለች፤ አህያዋ ሁለት ከረጢት ከሰል ተጭኖ ጆሮውን ጥሏል። ከድልድዩ መሐል ደግሞ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ ከዘራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«እህቴ፣ ምነው አታልፊም?» ብላ ጮኸች ወለላ።

«በምን ልለፍ? በአያ ሸጋው ራስ ላይ? ከማለዳ ጀምሮ ለመንኩ፤ አልነሳም አሉኝ!»

ሽማግሌው አልነሳ፣ አህያው አላልፍ፣ ከሰሉ አልደርስ፣ እሳቱ አልነድ፣ መጥረቢያው አልሳል፣ መቅዘፊያው አልጠረብ፣ ጀልባው አልሄድ አለ፤ ወለላም መሻገር አቃታት።

ድልድዩ ላይ ወጥታ ከአጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አያ፣ እባክዎ ይስሙኝ። እርስዎ ካልተነሱ አህያው አያልፍም፤ አህያው ካላለፈ ከሰሉ አይደርስም፤ ከሰሉ ካልደረሰ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ካልነደደ መጥረቢያው አይሳልም፤ መጥረቢያው ካልተሳለ መቅዘፊያው አይጠረብም፤ መቅዘፊያው ካልተጠረበ ጀልባው አይሄድም፤ ጀልባው ካልሄደ እኔ አላርፍም። ማረፍ ደግሞ አለብኝ!»

አያ ሸጋው ቀና ብለው አዩዋት።

«ይህ ሁሉ በእኔ መቀመጫ ላይ ነው?»

«ይህ ሁሉ።»

«አዝናለሁ ልጄ። ግን አልነሳም። ያ ዛፍ ሥር የቆመው ሰው ይታይሻል? መኩሪያ ይባላል። አርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው። በጥር ታምሜ ወድቄ ሞት ቤቴ ገብቶ ሲወጣ፣ ለአንዲት ቀን እንኳ እንዴት አደርክ አላለኝም። ዛሬ ገበያ ለመውረድ ግድ በዚህ ያልፋል። ሳይጠይቀኝ አላሳልፈውም ብዬ ምያለሁ።»

ወለላ ትከሻቸውን ይዛ በጎናቸው አልፋ ወደ ዛፉ ሄደች። አያ መኩሪያ ከስተዋል፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ይንሸራተታል።

«አያ መኩሪያ፣ ጓደኛዎ በጥር ሲታመሙ ምነው ሳይጠይቁ ቀሩ?»

«እሱስ? እሱስ መች ጠየቀኝ?» አሉ አያ መኩሪያ። «ጥርን በሙሉ ወባ አልጋ ላይ አጣብቆኝ ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሸጋው ነው እያልኩ ቀና እል ነበር። አልመጣም።»

«አያ ሸጋው መታመምዎን ያውቃሉ?»

«የታመመ ሰው ኑና ጠይቁኝ ብሎ ጥሪ ይልካል እንዴ?»

ወለላን ሳቅም ልቅሶም ቃጣት። አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ተኝተው፣ ሁለቱም በር በር ሲያዩ ወሩ አለፈ። እየሮጠች ወደ ድልድዩ ተመለሰች።

«አያ ሸጋው! አያ መኩሪያ ታመው ነበር!»

«ማን? መኩሪያ?»

«በወባ። ጥርን በሙሉ። የእርስዎን መምጣት ሲጠብቁ።»

አያ ሸጋው ወደ ዛፉ ዞረው አዩ። ውሃው ከሥራቸው ይንሿሿል። ከዚያ ከዘራቸውን ግንዱ ላይ ተከሉና ጉልበታቸው እየተንቋቋ ብድግ አሉ። ወለላ ክንዳቸውን ያዘች፤ እሳቸው ግን ቀድመዋት ይራመዳሉ።

«አንተ ሰው! ምነው ሳትልክብኝ? ልትሞትብኝ ነበር?»

«አንተስ? ያለ እኔ ልትቀበር ኖሯል?»

ተቃቀፉ። የአንዱ ጋቢ የሌላው ላይ ወደቀ።

«እግዜር ይማርህ መኩሪያ።»

«አንተንም ይማርህ ወንድሜ።»

በጥር ሊባል የሚገባው ያኔ ተባለ። ከድጃ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ አህያው ግን ለዕርቅ ደንታ የለውምና ድልድዩ ባዶ መሆኑን ሲያይ ማንም ሳይነዳው ገባበት።

ሽማግሌው ተነሱ፤ አህያው አለፈ። አህያው አለፈ፤ ከሰሉ ደረሰ። ከሰሉ ደረሰ፤ እሳቱ ነደደ፤ ጋሽ ዳምጤ እየዘፈኑ ወናፉን ረገጡት። እሳቱ ነደደ፤ መጥረቢያው ተሳለ። መጥረቢያው ተሳለ፤ መቅዘፊያው ተጠረበ፤ የዋንዛው ፍቅፋቂ እንድሪስን እስከ ጉልበቱ ሸፈነው። መቅዘፊያው ተጠረበ፤ ጀልባው ሄደ። ጀልባው ሄደ፤ ወለላ ተሻገረች!

አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ጉሙ ከተራሮቹ ተነስቷል። ያቺ ነጥብ እየሰፋች፣ ቅጠል እያወጣች፣ በመጨረሻ ሰማይ የሚጋርድ ዛፍ ሆና ከወለላ አናት በላይ ቆመች።

«መቼ ልምጣልሽ?» አለ ይማም።

«ፀሐይዋ ተራራው ላይ ስትቀመጥ። ብትዘገይም አልቆጣም።»

ይማም ስቆ ተመለሰ። የመቅዘፊያው ድምፅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ወለላ ጫማዋን አወለቀች፤ ሥሩ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ወደ ውሃው ሰደደች። ቀዘቀዛት፤ «እፍፍ» አለች፤ ግን አላወጣችውም። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ ምንም አላደረገችም።

የእኔም ወግ ከእሷ ጋር እዚያው ይረፍ።