የራግቢው ዋንጫና የአቶ ታምራየሁ ድንኳን

አንድ ቀን፣ ራግቢ ለአገሩ ገና እንግዳ በነበረበት ዘመን፣ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሻምፒዮና ለፍጻሜ በቃ። አገር አቀፍ ሲባል ብዙ እንዳይመስላችሁ። የተመዘገቡት ቡድኖች ሦስት ናቸው። አንዱ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ቀረ፤ ሁለቱ ያለ ምንም ግጥሚያ ለፍጻሜ አለፉ። ይህን ጉድ ያዘጋጁት የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት አቶ ታምራየሁ ናቸው። ሰውዬው በሄዱበት ሁሉ «የራግቢ አባት እኔ ነኝ» ይላሉ። አባትስ ይሁኑ፣ ግድ የለም፤ ልጃቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ አይተውት አያውቁም።

በራግቢ ጎል የሚገባው እንቁላል የመሰለችውን ኳስ በእጅ ይዞ፣ ከግቡ ቋሚዎች አልፎ፣ መሬት በማስነካት ነው። ስለዚህ ከቋሚዎቹ ኋላ ያለው ቦታ ባዶ መሆን አለበት። አቶ ታምራየሁ የሚያውቁት እግር ኳስን ነውና ከግብ ጀርባ ያለው ሁሉ ትርፍ መሬት መሰላቸው። ባሕር ዛፍ ጥላውን የጣለበትን አይተው የክብር እንግዶቹን ድንኳን እዚያው አስተከሉ። ከአዳራሽ ሶፋ አስወጡ፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ አስደረደሩ።

የአንደኛው ቡድን አምበል ዘበርጋ በማለዳ መጥቶ፣ ድንኳኑ ቢነሣ ይሻላል ብሎ በትሕትና ቢነግራቸው፣ ራግቢን ለእኔ ልታስተምር ነው ወይ ብለው አባረሩት። ዳኛውም ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ አንተ ፊሽካህን ጠብቅ ተባለ።

ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል ዘበርጋ ኳሷን አገኘ። ሁለት ሰው ወገቡ ላይ ተንጠልጥሎበት እየጎተተ ከቋሚዎቹ አለፈ፤ ድንኳኑ ውስጥ ገባና ኳሷን ከአቶ ታምራየሁ እግር ሥር አሳረፋት። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ውሃው የፕሬዚዳንቱን ሱሪ አራሰው።

ሰውዬው ብድግ ብለው ዳኛውን ጠሩና ጎሉ እንዳይቆጠር፣ ዋንጫውም ለሌላው ቡድን እንዲሰጥ አዘዙ። ዳኛው ጎሉን የሚያጸድቀውን ፊሽካ ሳይነፋ መሬት መሬት ያያል። ያንን ዋንጫ ብለው ጉልበታቸውን ልጠው የከረሙት የዘበርጋ ጓደኞች እንባቸው መጣ። አቶ ታምራየሁ ይህም አልበቃቸው ብሎ ወደ አምበሉ ዞሩ።

«አንተ፣ የክብር ቦታ አትለይም? ነገ የዚህ ሻምፒዮና ታሪክ ሲጻፍ ምን ተብሎ ሊጻፍ ነው?»

ዘበርጋ የፊቱን አፈር በክንዱ ጠረገ።

«እውነቱ ይጻፋ፣ ጋሼ። የሁለቱ ቡድን ሠላሳ ሰው ሊደርስበት አሳሩን የበላበትን ቦታ፣ እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ይዘውታል። ኳሷ በእጅዎ ብትሆን ኖሮ ዋንጫው የእርስዎ ነበር።»

የክብር እንግዶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ዳኛው ግን ፕሬዚዳንቱን ፈርቶ ሳቁን ሊያፍን ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ሳቁ ፊሽካውን ነፋውና ጎሉ ጸደቀ።