የኃላፊው ጎፈሬ

አንዲት የሥዕል መምህርት ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት የትምህርት ኃላፊው አቶ ድልነሳው ለጉብኝት መጡ። ሰውየው መናገር ከጀመሩ ፍሬን የላቸውም፤ ተማሪውን ፀሐይ ላይ አቁመው ሲናገሩ አረፈዱ። ሲጨርሱም፣ «እስቲ ሁሉም ክፍል እኔን ይሳል!» ብለው አዘዙ።

ስድስተኛ ክፍሎች መላጣቸው ላይ ጎፈሬ አብቅለው ስለዋቸው ኃላፊው በጣም ደስ አላቸው። አንደኛ ክፍሎች ግን ጆሮ የሌለው፣ አፉ እንደ ጋራዥ በር የተበረገደ መላጣ ሰውዬ ስለው ጠበቋቸው።

ኃላፊው ደማቸው ፈላ። «እነዚህን ልጆች ምንድን ነው ያስተማርሻቸው? በቂ ምክንያት ካላቀረብሽ ዛሬውኑ ትሰናበቻለሽ!» ብለው መምህርቷ ላይ ጮኹ።

እሷም ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ፣ «ጌታዬ፣ ገና ምንም ስላላስተማርናቸው ያዩትን ነው የሳሉት። አይዞዎት፣ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ እነሱም ጸጉር ያበቅሉልዎታል» አለቻቸው።