የዝንጀሮ አጭር እጀታ

የበቅሎን ወገብ የሰበረው አጭር መጥረጊያ ነው። ጋን ነው የሚሉ አሉ። ጋኑ የተጀመረውን ጨረሰ እንጂ አልጀመረውም።

ልጆች፣ ዘመኑ ሩቅ ነው፤ የአገሩንም ስም የሚያስታውስ የለም። ሰማይ ሦስት ክረምት ዘጋና ምንጩ ሁሉ ደረቀ። ውሃ የቀረው በአንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ዝንጀሮ ቀድሞ አጥሮታል። «ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?» ያለ የለም፤ የተጠማ አይጠይቅም። አህያ ገባች። የወንድሟ ልጅ በቅሎም ተከትላ ገባች። ለአንድ ቅል ውሃ ቀኑን ሙሉ ግቢ ሊጠርጉ፣ አትክልት ሊኮተኩቱ፣ ጋን ሊሸከሙ።

ዝንጀሮ በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያውንና መኮትኮቻውን ሰብስቦ እጀታቸውን ቆረጠ። ክንድ የማይሞላ አስቀረላቸው።

«ጌታዬ፣ ይኼ እጀታ እኮ ወገብ ይፈጃል» አለች አህያ።

«እኔ በተቀመጥኩበት ደጅ ቀጥ ብሎ የሚጠርግ ባለጌ ነው። ጎንበስ! ጎንበስ ያላለ ውሃ አይጠጣም!»

የቆረጠውን እንጨት አልጣለውም። ከፍ ያለ ቆጥ ሠራበትና ላዩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሌላም ደንብ ነበረው፦ ወገቡ የተያዘ ከበር ይወጣል። ከበሩ ውጭ ደግሞ አያ ጅቦ አለ። ሁለቱ ተስማምተዋል፤ በየመንፈቁ አንድ ወገቡ የተያዘ ለጅብ፣ ጉድጓዱ ለዝንጀሮ።

በቅሎ በጉልበቷ ትመካ ነበር። አህያ ጋኑን በግማሽ እየቀዳች ሁለቴ ስትመላለስ ታያትና ትስቃለች።

«አንቺ፣ ግማሽ ጋን ደግሞ ምንድን ነው? እኔ እናቴ ፈረስ ናት!»

«አባትሽስ?»

በቅሎ ፊቷን ወደ ጋኑ አዞረች።

«አባትሽ ወንድሜ ነው። ወገብሽን ከእኛ ነው ያመጣሽው፤ እዘኝለት።»

«የእኔ ወገብ ብረት ነው!»

ጠዋቱን ሙሉ በአጭሩ መጥረጊያ ሲጎብጥ የዋለ ወገብ፣ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጋን አነሣ። በቅሎ እግሯን ገትራ፣ ጋኑን ከደረቷ አርቃ ብድግ አደረገችው። ዝንጀሮ ከቆጡ ላይ «በዚህ በኩል!» ሲላት እግሯ ሳይዞር ወገቧ ዞረ። ቀጭ አለ።

ጋኑ ተሰበረ። በቅሎ እንደጎነበሰች ቀረች።

ዝንጀሮ ስለ ጋኑ ተቆጣ። ስለ እሷ «ደንብ ደንብ ነው» አለና በሩን ከፈተ። ያቺ ትዕቢተኛ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ «አክስቴ!» ብላ ተጣራች። አህያ መጥረጊያዋን እንደያዘች ደርቃ ቆመች። በሩ ተዘጋ። ከአጥሩ ወዲያ የተሰማው አይነገርም።

አህያ አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነከሰች። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ከጉድጓዱ አፋፍ የምትኖረውን አሮጊቷን ኤሊ አገኘቻት።

«እማማ፣ ዕድሜ ልክዎን ቤትዎን ተሸክመው ወገብዎ እንዴት ዳነ?»

«ከሰውነቴ አርቄው አላውቅም። ከሰውነት የራቀ ሸክም ሁለት ሸክም ነው። አንቺ ደግሞ ጉልበት ተሰጥቶሽ ሳለ ለምን ወገብሽን ታሠቃዪዋለሽ? ተንበርከኪ፣ ጋኑን እቀፊው፣ በጉልበትሽ ተነሺ። መዞር ስትፈልጊ እግርሽን አዙሪ። ስትጠርጊ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ አድርጊው። ሲደክምሽ ቀና በይ።»

«ቀና ካልኩ ውሃ ይነሣኛል።»

«ሰማይ ሰማዩን እያየሽ ለጌታሽ ዝናብ ለምኚለት። የሚጸልይን ማን ይከለክላል?»

ከዚያ ወዲያ አህያ ሸክም ባነሣች ቁጥር ትንበረከካለች። ዝንጀሮ ለእሱ የተንበረከከች እየመሰለው ደረቱን ይነፋል። «አክብሮት ማለት እንዲህ ነው!» ይላል። ጥቂት በጠረገች ቁጥር ደግሞ ቀና ብላ ወገቧን እያፍታታች «አምላኬ፣ ለጌታዬ ዝናብ አውርድ!» ትላለች። ለእሱ ስትለምን በልቧ የምትለው ሌላ ነበር።

መንፈቁ ሞላ። ጅብ በሩን ደበደበ።

«ዝንጀሮ! ድርሻዬስ?»

ዝንጀሮ አህያን አየ። ወገቧ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሏል። ተናደደ።

«አንቺ! ያንን የወፍጮ ድንጋይ ወደ በሩ ውሰጂ!»

አህያ ተንበረከከች። ድንጋዩን በጠርዙ አቆመችና በትከሻዋ እየገፋች፣ ቀስ እያለች አንከባልላ በሩ ሥር አደረሰችው።

«ባለጌ! ድንጋይ ይነሣል እንጂ ይንከባለላል? እግርሽን ገትረሽ አንሺው! ጎንበስ! ጎንበስ ያላለ ውሃ አይጠጣም!»

«ጌታዬ፣ እኔ አህያ ነኝ፤ አልገባኝም። አንዴ ያሳዩኝ።»

ጅብ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ ሳቀ። «እስቲ አሳያት! ወይስ ከአፍህ ሌላ የሚሠራ የለህም?»

ዝንጀሮ እየፎከረ ከቆጡ ወረደ። ስንት ዘመን ተቀምጦ የከረመ ወገብ ነው። እግሩን ገተረ፤ እጁን ዘረጋ፤ ድንጋዩን ብድግ ሊያደርግ ሳበው። ጅቡ ማየት አለማየቱን ሊያረጋግጥ ዞር አለ። ቀጭ።

«ወይኔ ወገቤ! አህያ፣ ቀና አድርጊኝ!»

«ጎንበስ በል» አለች አህያ። አንቱታው ያን ጊዜ ቀረ። «ጎንበስ ያላለ ውሃ አይጠጣም ብለህ የለ?»

«ጉድጓዱን እኩል እናድርገው! ቀና አድርጊኝ ብቻ!»

«የወንድሜን ልጅ ማን ቀና አደረጋት?»

«ደንቡስ?» አለ ጅብ ከውጭ።

«ደንብ ደንብ ነው» አለች። ተንበረከከች። ዝንጀሮን ከደረቷ አስጠግታ አቀፈችው። በጉልበቷ ተነሣች። እግሯን ወደ በሩ አዞረች። ሸክሙን ስታወርድ አንድም ቦታ አላመማትም።

በሩን ዘግታ የወፍጮውን ድንጋይ አስደገፈችው። ቆጡን አፈረሰች። ከእንጨቱ ሁለት ረጃጅም መርጣ አንዱን ለመጥረጊያዋ፣ አንዱን ለመኮትኮቻዋ እጀታ አደረገች። ቀጥ ብላ ቆማ ያን ሁሉ ግቢ ጠረገች። የበቅሎን አጭር መጥረጊያ ግን አልነካችውም፤ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ኤሊ ከጉድጓዱ አፋፍ ሆና አየቻትና እንዲህ አለች፦ «ጉልበቱን ያጠፈ ሸክም አነሣ፤ ወገቡን ያጠፈ ሸክም ሆኖ ተነሣ።»

በዚያ ግቢ የቀሩት አህያና ኤሊ ናቸው። በቅሎ የለችም።