በስቅለት የጮኸው ከበሮ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ይዛችኋል? «ይዘናል!» በሉኝ እንጂ! እሺ፣ እዚያ ጥግ የምታወሩትም ዝም በሉ። ተረቱ የጩኸት ነው፤ ጩኸቱን ግን እኔው እጮኸዋለሁ።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ከተራራ ላይ ባለ አንድ ደብር አንድ ከበሮ ይኖር ነበር። ከበሮ ብላችሁ እንዳትንቁት! ሆዱ ሰፊ፣ ድምፁ ወንዝ የሚሻገር ነው። መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ዜማውን ሲመሩ፣ እሱ «ድም! ድም!» ብሎ ሲቀበል፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ እንኳ እግሩ አያርፍለትም። እሱም ይህችን ያውቃታል። «እኔ ከሌለሁ ምን በዓል አለ?» ይል ነበር፣ አያ ከበሮ።

ታዲያ ዐቢይ ጾም ገባ። በዐቢይ ጾም ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ፣ ከበሮ አይመታም። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባ ይኄይስ መጡና ከበሮን በማንገቻው ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ፊቱን በጨርቅ ሸፈኑትና ሄዱ።

«ኧረ አባ! ምን አጠፋሁ?» አለ ከበሮ። ማን ይመልስለት!

ይባስ ብሎ መቋሚያ በየቀኑ ይወጣል። ጾሙን ሙሉ ካህናቱ የሚያዜሙት በመቋሚያ ነዋ! ከበሮ በቅናት አረረ።

«አያ መቋሚያ፣ እኔንስ እግዜር ረስቶኛል» አለው።

መቋሚያ ሽማግሌ ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። «አልረሳህም። ለመሆኑ መሪጌታ ሳይመሩ ተቀብለህ ታውቃለህ?»

«በፍጹም! ያኔማ ዜማው ይበላሻል!»

«እግዜርም እንደዚያው ይመራል። እስኪመራህ ጠብቅ።»

በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ አይጢት ነበረች። ጾሙ ከሰው ሁሉ የከበደው በእሷ ላይ ነው! ድግስ የለ፣ ፍርፋሪ የለ። ዓይኗ ማንገቻው ላይ ዐረፈ። ማንገቻው ከሦስት ጠፍር የተገመደ፣ ሞራ የጠጣ፣ ሽታው ልብ የሚያጠፋ ነው።

«አያ ከበሮ!» አለች። «እንዴት ያንተ ዓይነቱ ጌታ እንደ አሮጌ ስልቻ ይሰቀላል? ማንገቻህን ልቁረጥልህ። ትወድቃለህ፣ ድም ትላለህ፣ ያስታውሱሃል!»

«ቆይ እስቲ፣ ልጠይቅ» አለ ከበሮ። «ጌታ ሆይ፣ ልውረድ ወይስ ልቆይ?» ብሎ ጸለየ። ጆሮውን አቀና። ዝም! ደግሞ አዳመጠ። ዝም!

«ምን አለህ?»

«ምንም።»

«አበቃ! ዝምታ መስማማት ነው ይባል የለ?»

«ተይ አንቺ!» አለ መቋሚያ ከጥግ። «ዝምታ መስማማት የሚሆነው ለሰው ነው። እግዜር ዝም ሲል ቆይ ማለቱ ነው።»

ከበሮ ያን ቀን ቻለ። እሰይ! ጎሽ! በሉት፤ ዳግመኛ አታገኙትምና።

ደብረ ዘይት ደረሰ፤ ጾሙ ተጋመሰ። አይጢት መጣች። ከበሮም «ጌታ ሆይ…» ብሎ ጀመረና፣ አሜን ሳይል «በይ እንግዲህ፣ አንዷን ብቻ!» አላት። ቀርጠፍ ቀርጠፍ! ቆዳ ሥጋ አይደል? አይጢት ጾሟን በጠፍር ገደፈች። ማንገቻውም በሁለት ጠፍር ቀረ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ቀኑ ስቅለት ነበር። ሕዝቡ በሙሉ በግቢው ውስጥ ይሰግዳል፣ «እግዚኦ» ይላል። መቋሚያ ስግደት ስለሆነ ዕቃ ቤት ቀርቷል። አባ ይኄይስ ደግሞ ዕቃ ሊያወጡ ገብተው በሩን ክፍቱን ትተውታል። እንዲህ እንዳለ ሰማዩ ጠቆረና… ጓ! ግድም!

«ሰማችሁ?» አለ ከበሮ። «ሰማይ ተመታ! እግዜር መራኝ! ልቀበል! ልቀበል!»

«ኧረ ነጎድጓድ ነው!» አለ መቋሚያ። «ዝናብ ሊመጣ ነው! ጠይቅ እንጂ!»

«ምን እጠይቃለሁ፣ መልሱ መጣ! አይጢት! ቁረጪ!»

እሷ ሁለቴ ይነገራታል? የቀሩትን ሁለቱንም ጠፍር ቀርጠፍ!

ድም! መሬት ወደቀ። ድም! ከበሩ ወጣ። ድም! ድም! ድም! ደረጃውን ወረደ። በስቅለት! ሰው ግንባሩን መሬት ላይ እንደደፋ፣ ከበሮ በመካከሉ እየጮኸ ይንከባለላል! አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ያማትባል። «ምን ጉድ ነው! ዘንድሮስ ከበሮም አበደ?» አሉ አንዲት እማሆይ። ከበሮ መቆም አልቻለም፤ ከግቢው በር ድንጋይ ጋር ሄዶ ተላተመ። ቿ!

ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም።

መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ከስግደታቸው ተነሥተው መጡ። ቢያዩት፣ ትልቁ ፊቱ ከዳር እስከ ዳር ተቀዷል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አባ ይኄይስ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ብዬዎት ነበር?»

«ነገ ከበሮውን አውርደው አቧራውን ይጥረጉልኝ፣ ለትንሣኤ የምንመታው እሱን ነው፣ ብለውኝ ነበር» አሉ አባ ይኄይስ አንገታቸውን ደፍተው።

«ነገ?» አለ ከበሮ። አየ ጉድ! ሃምሳ አራት ቀን ተሰቅሎ፣ የቀረችው አንዷ ቀን አቃተችው!

ትንሣኤ ገባ። ካህናቱ ከጎረቤት ደብር ከበሮ ተዋሱ። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!» ሲባል፣ እልልታው ምድሩን አናወጠው። ከበሮ ከዕቃ ቤት ሆኖ ሁሉንም ሰማ። ጌታው በመነሣቱ ደስ አለው፤ ደግሞም አለቀሰ፣ ያችን ሰዓት በሕይወቱ ሙሉ ወዷት ነበርና።

ፋሲካው ሲያልፍ መሪጌታ ገቡና በእጃቸው ዳሰሱት። «አልጥልህም» አሉት። «አዲስ ቆዳ ይወጠርልሃል። ቆዳ ግን በችኮላ አይደርቅም።»

ከበሮ «መቼ ነው የሚ…» ሊል ቃሉ አፉ ላይ ደረሰና ዋጠው። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» አለ። ከዚያም ቀኑን ጠበቀ፤ ቅር አላለውም።

እናንተም፣ ልጆቼ፣ እግዜርን መጠበቅ ሲሰለቻችሁ፣ ዛሬ ዋዜማው እንዳይሆን ጠርጥሩ። የቸኮለ በዋዜማው ይሰበራል፤ የጠበቀ በበዓሉ ይዘምራል።