የአልጋነሽ አራት ቀን

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምነግራችሁ ነገር ጭራው ረጅም ነው፤ እየጎተትኩ ስሄድ አትቆጡኝ፣ ያስረዘምኩት እኔ አይደለሁም።

አዳማ ውስጥ አቶ ዘርይሁን የሚባሉ ጡረተኛ የእንጨት ሥራ አስተማሪ አሉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አልጋነሽን ለሕክምና ባንኮክ ወስደዋቸው ነበር። ወይዘሮ አልጋነሽ ከሆስፒታሉ መስኮት ወንዙን እያዩ፣ "ስድን በዚያች ጀልባ እንሄዳለን፤ አራት ቀን ሙሉ ከተማውን እናያለን" ይሉ ነበር። የሚታየውንም ነርሷን እየጠየቁ ወረቀት ላይ ጻፉ። አልዳኑም። አገራቸው ተመልሰው በሁለተኛው ወር ዐረፉ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን አቶ ዘርይሁን ምሳቸውን ሳይጨርሱ ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

"ስንዱዬ፣ ያቺ ጀልባ ላይ ልውጣ። እናትሽን እሺ ብያት ነበር። ብቻዬን ግን አልችለውም።"

ሌላ የፈለጉት ነገር የለም። ስንዱ አንድያ ልጃቸው ናት፤ ዱቄት ፋብሪካ ትሠራለች። በማግስቱ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

"ፈቃዱን አልከለክልሽም" አላት አለቃዋ፤ "መሄጃና መመለሻሽን ግን በትኬት አሳዪኝ።"

እንግዲህ ትኬት ካላየ አለቃው አይፈርምም፤ አለቃው ካልፈረመ ስንዱ አትሄድም፤ ስንዱ ካልሄደች አባቷ ጀልባዋ ላይ አይወጡም።

ትኬት ቆራጯ ዘንድ ሄደች። "ቪዛ ቢከለክሉሽስ የኔ እህት? መጀመሪያ ቪዛውን ይዘሽ ነይ" አለቻት።

ቪዛ ከሌለ ትኬቱ አይቆረጥም፤ ትኬት ካላየ አለቃው አይፈርምም፤ አለቃው ካልፈረመ ስንዱ አትሄድም፤ ስንዱ ካልሄደች አባቷ ጀልባዋ ላይ አይወጡም።

አዲስ አበባ ሄዳ ቪዛ ጠየቀች። "የምታርፉበት ሆቴል የታለ?" አሏት። ባንኮክ ወዳለ የሆቴል ድርጅት ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምጿ ለስላሳ ነው። "ሦስት ቦታ ሆቴል አለን፤ ከተማው ደግሞ ሰፊ ነው። የምትጎበኙትን ሳላውቅ የቱን ልያዝላችሁ?"

የሚጎበኘው ካልታወቀ ሆቴሉ አይያዝም፤ ሆቴል ካልተያዘ ቪዛው አይሰጥም፤ ቪዛ ከሌለ ትኬቱ አይቆረጥም፤ ትኬት ካላየ አለቃው አይፈርምም፤ አለቃው ካልፈረመ ስንዱ አትሄድም፤ ስንዱ ካልሄደች አባቷ ጀልባዋ ላይ አይወጡም። እኔን ደከመኝ፤ እሷን አስቧት።

"አባዬ፣ የት የት ነው የምንሄደው?"

"እናትሽ የጻፈችው ቦታ ነዋ። ከዚያ ውጭ የትም አልረግጥም።"

"ወረቀቱስ?"

አቶ ዘርይሁን ጥግ ላይ ወዳለው የባለቤታቸው ሻንጣ ዞሩ። ወረቀቱ ሻንጣው ውስጥ ነው። በአርባው ዘመድ ተሰብስቦ "ልብሷን ለነዳያን እንስጥላት" ሲል፣ ሻንጣውን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው የከተቱት ራሳቸው ናቸው። በሰማንያውም በሙት ዓመቱም ዘመድ ሲጠይቅ ቁልፉን አልሰጡም። ማንም ደፍሮ አልነካውም።

ስንዱ አጠገባቸው ተቀመጠች። "ሻንጣው ካልተከፈተ ወረቀቱ አይወጣም፤ ወረቀቱ ካልወጣ ሆቴሉ አይያዝም፤ ሆቴል ካልተያዘ ቪዛው አይሰጥም፤ ቪዛ ከሌለ ትኬቱ አይቆረጥም፤ ትኬት ካላየ አለቃዬ አይፈርምም፤ አለቃዬ ካልፈረመ እኔ አልሄድም፤ እኔ ካልሄድኩ አንተ ጀልባዋ ላይ አትወጣም። ቁልፉ ማን ጋ ነው አባዬ?"

"እኔ ጋ" አሉ። "ከከፈትኩት ሽታዋ ይሄድብኛል፤ እሱ ብቻ ነው የቀረኝ።"

ስንዱ አለቀሰች፤ እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያ ቁልፉን አውጥተው፣ ተንበርክከው፣ ሻንጣውን ራሳቸው ከፈቱት። ወረቀቱ አረንጓዴው ሹራብ ኪስ ውስጥ ነበር። ስንዱ አነበበችላቸው።

"አንደኛ ቀን፣ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት። ሁለተኛ ቀን፣ የአበባ ገበያው። ሦስተኛ ቀን፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ረጅሙ ቤተ መቅደስ። አራተኛ ቀን፣ የትም አንሄድም። ጀልባዋ ላይ ወጥተን እስከ መጨረሻው ደርሰን እንመለስ። ዘርይሁን ወንበር ላይ ሲያድር ሰነበተ፤ እዚያ ትንሽ ይተኛልኝ።"

ሻንጣው ተከፈተ፤ ወረቀቱ ወጣ፤ ሆቴሉ ተያዘ፤ ቪዛው ተሰጠ፤ ትኬቱ ተቆረጠ፤ አለቃው ፈረመ፤ ስንዱ ሄደች። ልብሱ ለነዳያን ተሰጠ፤ ሹራቡ ብቻ ቀረ።

በአራተኛው ቀን አቶ ዘርይሁን ሹራቡን ጭናቸው ላይ አድርገው ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጡ። ሁለተኛው ማቆሚያ ሳይደርሱ የልጃቸው ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ የጀልባው ሠራተኛ ሊቀሰቅሳቸው እጁን ዘረጋ። ስንዱ በምን ቋንቋ ትንገረው? ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሰውየው ገባውና እጁን መለሰ፤ ጀልባዋም እንደተኙ መልሳ ወሰደቻቸው።

ይኸው፣ ጭራውን ለቀቅሁት።