የአሻግሬን ልጅ ማን ክርስትና ያንሳ?

በአንድ ወቅት፣ ኦፓል የሚባለው ድንጋይ ከገደል እየተቆፈረ በሚወጣበት አገር ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ስንሻው ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ መካከለኛው ደምስ ሰዓትና ሬዲዮ ይጠግናል፤ ታናሹ ይርጋ አስተማሪ ነው። ጢም ያወጡ ሰዎች ሆነው ሳለ እሁድ እሁድ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪናዎች ሜዳ ላይ ያስሮጡ ነበር። አገር ይስቅባቸዋል፤ እኔም ስቄባቸዋለሁ። አንድ ሐሙስ ግን ሳቁ አፋችን ላይ ደረቀ።

የዚያን ዕለት ጠዋት አሻግሬ የሚባል ቆፋሪ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ አፈሩ ተደረመሰበት። አልሞተም፤ ከውስጥ በድንጋይ ሲያንኳኳ ይሰማል። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ስምንት ሜትር ሰው በደረቱ ተስቦ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የቀረው ቀዳዳ ከድመት በላይ አያሳልፍም። በዶማ ሲሞክሩ ጣሪያው ይረግፍ ጀመር። ነባሮቹ ቆፋሪዎች «በእንጨት እየደገፍን ካልሆነ እሱንም እኛንም ይበላናል፤ ሁለት ቀን ይፈጃል» አሉ። ሁለት ቀን ያለ ውሃ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ! ሚስቱ እናኑ ወሯ ገብቶ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ማንኳኳቱን ታዳምጣለች፤ ድምፁ በተቋረጠ ቁጥር ፊቷ አመድ ይመስላል።

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ የውሃ ልክ የምለካበት ረጅም ቀጭን ላስቲክ ነበረኝ። ይርጋ እሱን አይቶ «መኪናችን ይህን ጎትታ ብታደርስለት ውሃ ይጠጣበታል» አለ። በዚያ ቀን ማንም አልሳቀም።

የስንሻው መኪና ቅርብ ስለነበረች ላስቲኩን ከኋላዋ አስረን ሰደድናት። ስምንተኛው ሜትር ላይ፣ ቀዳዳው በሚጀምርበት ከተጋደመ አንድ ድንጋይ ጋ ስትደርስ ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማዋ ግን አልዞረም። ስንሻው ጆሮውን ደቅኖ ሰማና «ማርሹ ጥርሱ ተበላ» አለ። መልሰን ልንስባት ስንጎትት ላስቲኩ ተፈትቶ ባዶውን መጣ።

ስንሻው ጃኬቱን አውልቆ ገባ። የጫማው ሶል ጨለማው ውስጥ ሲጠፋ ከጣሪያው አንድ ቁና አፈር ተናደ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አላፍርም፣ ፈርቻለሁ። ብዙ ቆይቶ መኪናዋን እንዳቀፈ ወደ ኋላ እየተሳበ ወጣ። ጀርባው ተልጦ ደም ያዥ ነበር። መኪናዋ ስትከፈት የትልቁ ማርሽ አራት ጥርሶች ረግፈዋል፤ ምክንያቱንም ከስንሻው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ማርሹን የሚይዘው ፍሪሲዮን ነው። ጎማ እንቅፋት ሲመታ ፍሪሲዮኑ ትንሽ ይንሸራተትና ጥርሱን ያድናል። ስንሻው ግን ባለፈው እሁድ ወንድሞቹን ለመቅደም ብሎ የፍሪሲዮኑን ማጥበቂያ ዳዶ እስከ መጨረሻው አጥብቆት ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ፣ አፈሩን እየተፋ።

የይርጋ መኪና ለቀዳዳው ትሰፋለች፣ የደምስ ደግሞ ሆዷ ዝቅ ስለሚል ድንጋዩን አትወጣም፤ ያን ማርሽ የሚተካ ግን በአገሩ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በደምስ መኪና ውስጥ። ደምስ መኪናውን ሦስት ዓመት ጠብቆ ነው ያስመጣት፤ ወንድሞቹ እንኳ እንዲነኳት አይፈቅድም። ሁላችንም ስናየው እሱ መሬት መሬቱን ያያል። በዚህ መካከል ማንኳኳቱ ቆመ። እናኑ «ወንድም ዓለም» አለችው። ያን ጊዜ ሮጠ። መኪናዋን ይዞ መጣና ማርሹ አልላቀቅ ሲለው ዘንጉን በመጋዝ ቆረጠው፤ ከዚያ ወዲያ ያች መኪና መኪና አልሆነችም። ማርሽ ከማርሽ ሲጣበቅ ይታነቃል፣ ሲራራቅ ይበላላል። ስለዚህ ማርሹን በስንሻው መኪና ላይ ገጥሞ፣ ከይርጋ ደብተር ወረቀት ቀዶ በሁለቱ ማርሾች ጥርስ መካከል አስገባ፤ ሞተሩን ወረቀቱን እስኪጫነው ገፍቶ ብሎኑን አሰረና ወረቀቱን አወጣው። 

ፍሪሲዮኑንም ሪሞቱንም ይርጋ ያዘ። ደምስ «ጠበቅ አድርገው፤ ድንጋዩን መውጣት አለባት» አለው። ስንሻውም «ሩብ ዙር ብቻ አላላው» አለ። ይርጋ ሁለት ዙር አላላው። «የቀረን ማርሽ አንድ ነው» አላቸው። ላስቲኩን መልሰን አስረን ሰደድናት፤ ድንጋዩ ዘንድ ስትደርስ ፍሪሲዮኑ ያፏጭ ጀመር፤ ወደፊትም አልሄደችም። ሰው ሁሉ «ግፋበት» ይለዋል። እሱ ጣቱን ከሪሞቱ ያነሳል፤ ፍሪሲዮኑ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ጥቂት ይሰጣታል፤ እንደገና ያነሳል። ማንኳኳት ከጠፋ ቆይቷል። እናኑ «ገደልከው» አለችው። እሱ ጣቱን ዳግም አነሳ፤ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። በአምስተኛው ሙከራ መኪናዋ ድንጋዩን ተሻገረች። ላስቲኩ በእጄ ላይ እየተንሸራተተ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ከዚያ ከወዲያኛው ወገን ተጎተተ።

ሁለት ቀን ሙሉ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አፈሰስንለት። በሦስተኛው ቀን ነፍሱ እንዳለች አወጡት። በሳምንቱ እናኑ ወንድ ልጅ ወለደች።

ክርስትና ለማንሳት ሦስቱም ጠየቁ። የንስሐ አባታቸው ግን «ሕፃኑን ከውሃው የሚቀበለው አንድ ሰው ነው» አሉ። (ላስቲኩ የማን እንደነበረ ያነሳ ሰው የለም፤ ይሁን።)

ስንሻው «እኔ ነፍሴን ይዤ ገብቻለሁ» አለ። ወንድሞቹ «ዳዶውን ያጠበቀው ማን ሆነና?» አሉት።

ደምስ «ያለኝን ቆርጬ ሰጠሁ» አለ። «ሰው እስኪለምንህ ቆመህ ነበር» አሉት።

ይርጋ «ሁላችሁንም ብሰማ ሁለተኛውም ማርሽ ያልቅ ነበር» አለ። «አንተ ምን አጣህ? አፈር አልወደቀብህ፣ ንብረትህ አልተሰበረ» አሉት።

አሻግሬ ይህን ሁሉ ሰማ። በኋላ እኔን ለብቻ ጠርቶ «ከክርስትናው ማግስት ወደ ጉድጓዱ እመለሳለሁ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም» አለኝ። «አፈሩ አንዴ ቀምሶኛል። እኔ የቀረሁ ቀን ልጄ እጁን ይዞ የሚያድገው ክርስትና አባቱን ነው።»  

አርባው ቀን ሞላ። ሕፃኑ ተጠመቀ፤ ቄሱ ከውሃው አንስተው ያዙትና «ተቀባዩ ማን ነው?» አሉ። ሦስቱም ነጠላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እንግዲህ የተቀመጣችሁ ፍረዱ፤ አጥፍቶ ነፍሱን ለአደጋ ለሰጠው፣ ዘግይቶ ያለውን ለሰጠው፣ ወይስ ምንም ሳያጣ ታግሦ ላሻገረው፣ አሻግሬ ልጁን ለማን ይስጥ?