ፀሐይን የሚፈራው ድንጋይ

አስካለ ልጄ፣ አስቀድሜ ይቅርታሽን እለምናለሁ። የጠየቅሽኝ ስለ ባልሽ ነው። እቤት ሲሆን የውኃ ፓምፑን ያላሠራውን የቀበሌ ሊቀመንበር ነገ አፋጥጠዋለሁ እያለ ይፎክራል፤ ስብሰባ ላይ ግን ጫማውን ሲያይ ይውላል። ውሸታም ነው ወይ አልሽኝ። ዕድሜ ልኬን ካጠራቀምኩት ጥበብ ውስጥ ያገኘሁልሽ መልስ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ይቅርታውም ለዚሁ ነው።

አንድ ሰው ነበረ፤ ድንጋይ ቆፋሪ። ከጉድጓድ ሥር በባትሪ ብርሃን ሐምራዊ ድንጋይ አገኘ። ከአሸዋና ከመስታወት ወገን ነው፤ በዚያ አገር ግን እንዲህ ያለ ታይቶ አያውቅም። በቢላዋ ሞከረው፣ አልተጫረም። ወደ ባትሪው ሲያስጠጋው ብርሃኑ ውስጡ ገብቶ ወይን ጠጅ መሰለ። ልቡ ልትወጣ ደረሰች። የሚወዳት ልጅ አባት ባዶ እጅህን እንዳትመጣብኝ ብለውት ነበርና፣ አፈሩን እንኳ ሳያራግፍ ሮጠ።

አባትየው ከሽማግሌዎች ጋር ደጅ ተቀምጠዋል። ድንጋዩ ከእጅ እጅ ሲዞር ፀሐይ አገኘችው፤ ቀለሙ እየሸሸ፣ እየሸሸ ሄዶ አመድ መሰለ። አሞሌ ጨው ነው ያመጣህልን ብለው ሳቁበት። ቆፋሪው ድንጋዩን ሳጥን ውስጥ ወርውሮ ከሰው ተሰወረ።

ከሳምንታት በኋላ ሳጥኑን ቢከፍት ድንጋዩ ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ ብሏል! ነገሩ ያኔ ገባው፤ ፀሐይ ቀለሙን ትወስድበታለች፣ ጨለማ ይመልስለታል። ደስታው ወሰን አጣ። አባትየውን ጓዳ አስገብቶ፣ መስኮት ዘግቶ ሊያሳያቸው ቆርጦ ሄደ። ደጃቸው ሲደርስ ግን ልጅቷ ቆማ አያት። አባቷን ጓዳ ውስጥ አታሎ ቢያገባት፣ በማግስቱ ደጅ ላይ ምን ብሎ ዓይኗን ያያል? እዚያው ፀሐይ ላይ መዳፉን ዘረጋ።

«አባቴ፣ አሁን ይነጣል። ጨለማ ሲያገኝ ይመለሳል። ሁለቱም እሱ ነው።»

አባትየው ድንጋዩ አመድ እስኪመስል ድረስ ትክ ብለው አዩት።

«እስከ ዛሬ ልጄን የጠየቁኝ ሁሉ እደጄ ላይ ደማቅ ነበሩ፤ ቀለማቸው የሚለቀው ቤታቸው ሲገቡ ነው» አሉ። «ይሄ እንኳ አስቀድሞ ነገረኝ።» ልጃቸውን ሰጡት።

አስካለ ልጄ፣ ባልሽም እንደዚያ ድንጋይ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም። እቤት የምታዪው ድፍረት የራሱ ቀለም ነው፤ ስብሰባ ላይ የሚነጣውም ያው እሱ ነው። ድንጋዩ አፍ ስለሌለው ሰውየው ተናገረለት፤ ባልሽ ግን አፍ አለው። ተነሥቶ «ወገኖቼ፣ ስለ ፓምፑ ልናገር ነበር፤ ሊቀመንበሩን ሳያቸው ፈራሁ» ይበል። ከዚያ በኋላ የሚነጡት ሊቀመንበሩ ናቸው።

ይህን የመከርኩሽ እኔ መሆኔን ግን ለማንም እንዳትነግሪ አደራ። ሊቀመንበሩ ፊት ከተጠየቅሁ፣ አስካለ የምትባል ሴት አላውቅም ነው የምለው።